የአያ ሙዘይን ስንቅ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ግሸን ማርያም ምስክሬ ናት፤ እሷ አትበቃም የሚል ካለ ወላሂ ይጨመርበት። የወሎ ሰው መሐላ በሁለት በኩል ስለተሰጠው አንዱ ቢያልቅበት በሌላው ይምላል። ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ሐይቁ እስከ ጭቃው ይድረቅ፣ ጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅም ይከተለው። ሐይቁ እስከ ዛሬ ውሃ እንደሞላ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ለሚፈልግ ደግሞ እትዬ ተሾመች አለችለት። ከአያ ሙዘይን ጋር በአንድ አጥር የምትዋሰን ጎረቤት ነበረች፤ ሁሉን በዓይኗ አይታለች። ሄዶ ይጠይቃት።

አያ ሙዘይን በተሁለደሬ ምድር ከእሳቸው በፊት ያልነበረ፣ ከእሳቸውም በኋላ የማይገኝ የድንበር ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ገበሬዎች በማሳ ድንበር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ «እስቲ አያ ሙዘይን ይምጡ» ይባላል። ይመጣሉ። ከጠበኞቹ መሀል ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ የተገፋው የድንበር ድንጋይ በራሱ እየተንከባለለ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር ይላሉ። ይሄ ማጋነን ነው፤ የሚንከባለለው ትንንሹ ድንጋይ ብቻ ነበር። ትልልቁን ሰው ነው የሚመልሰው። ከመርሳ እስከ ኩታበር በእሳቸው ቃል ያልታረቀ ጎረቤት፣ በእሳቸው ምርቃት ዱላውን ያልጣለ ጎረምሳ አልነበረም። አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ድንበር ሲያጣላቸው እሳቸውን ሊያስጠሩ ፈልገው፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው የቀረው ይባላል።

ደርግ መጣ፤ መሬት ላራሹ ሆነ። የጥንቱ ድንበር ሁሉ ፈረሰና መሬቱ በገመድ እየተለካ ታደለ። «ደግ ነው» አሉ አያ ሙዘይን፤ «መሬት ያልነበረው መሬት አገኘ።» ከልባቸው ነበር። ግን ከዚያ ወዲያ የተጣላ ሰው የሚሄደው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሆነ። የማን አያት ከማን አያት ጋር የትኛው ዋርካ ሥር እንደተማማለ፣ የትኛው ቦይ በማን ዘመን እንደተቀየሰ፣ ያ ሁሉ እውቀት አያ ሙዘይን ሆድ ውስጥ ተቀመጠ። ጠያቂ አጣ።

ይህም ባልከፋ። ሰባ ሰባት መጣ። የሰባ ሰባትን ክፉ ቀን ለወሎ ሰው መተረክ ቁስሉን እያሳዩ እዚህ ጋ ያምሃል ማለት ነው፤ ስለዚህ በአጭሩ ይለፍ። በሬያቸው ሞተ። ከዚያ ባለቤታቸው መሪማ ሞተች። ልጃቸው አብደላ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ለሰፈራ ተመዝግቦ በጭነት መኪና ወደ ምዕራብ ተጫነ። መኪናው አስፋልቱ ላይ ሲታጠፍ አብደላ እጁን አነሣ፤ አያ ሙዘይን ግን ከተነሡት እጆች ሁሉ የልጃቸው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ስለዚህ ለሁሉም እጃቸውን አነሡ። መኪናው ከዓይን ከጠፋም በኋላ እጃቸው አልወረደም ነበር፤ የሚያወርድላቸው ሰው ነው ያጡት።

ቤታቸው ከሰው የራቀ አልነበረም። ወደ መስጊድ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ሰው እንደ ጉንዳን ያልፍበታል። «አሰላሙ ዐለይኩም አያ» ይላል፤ ያልፋል። «እንዴት አደሩ አያ» ይላል፤ ያልፋል። መልሳቸውን ቆሞ የሚሰማ የለም። «ወዐለይኩም» ብለው «ሰላም» የሚለውን ሲያመጡት ሰላም ያላቸው ሰው ከጀርባው ነው የሚታየው። ከጊዜ ብዛት ድምፃቸው ከሰላምታ ሌላ ሥራ ፈታ። አንድ ቀን ደጃፋቸው የገባች ላም ሊያባርሩ አፋቸውን ቢከፍቱ ከጉሮሯቸው የወጣው እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚንቋቋ ነገር ሆነ። ላሟ አልደነገጠችም፤ የደነገጡት እሳቸው ናቸው። ያ ድንጋይ ያንከባልል የነበረ ድምፅ ላም ማባረር አቃተው።

እህል አፈር አፈር ይላቸው ጀመር። ቀን ይተኛሉ፤ ሌሊት ዓይናቸው ይፈጣል። ለሰላት ሲቆሙ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳሉ ይጠፋቸዋል፤ እንደገና ይጀምራሉ፤ እንደገና ይጠፋቸዋል፤ በመጨረሻ ሰጋጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ይቀራሉ። ድሮ ከመሪማ ጋር በክረምት የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ እያዩ ሲሳሳቁ እንዳልኖሩ፣ አሁን ዝናቡ እመደባቸው ላይ ሲወርድ ገላቸውን እንኳ አያሸሹም።

ጎረቤቱ ይህን ሁሉ ያያል፤ ምክንያቱንም ያውቃል። «እርጅና ነው» ይላል። ጉልበት ቢከዳ እርጅና፣ ቃል ቢጠፋ እርጅና፣ ሰው በቁሙ ቢደርቅ እርጅና። በዚያ ዘመን ሐይቅ ከተማ ላይ ከእርዳታ ስንዴ ይልቅ የታደለው «እርጅና ነው» የሚለው ቃል ነው። ስንዴው ለሁሉ አልደረሰም፤ ቃሉ ግን ለሁሉም ሽማግሌ ተዳርሶ ተረፈ።

ሰባ ስምንት መስከረም ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ አያ ሙዘይን ቀለል ብሏቸው ተነሡ። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ያያቸው ሁሉ «ተመስገን፣ አያ ሙዘይን ዳኑ» አለ።

አልዳኑም። ወስነው ነበር። መኖር በቃኝ ብለው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ሊያበቁ ወስነው ነበር፤ ቅለቱ የመጣው ከዚያ ነው። እንዴት የሚለው ይቅር፤ ለሰሚም አይጠቅም። ሐራም መሆኑን ያውቃሉ። ለስንቱ ጎረምሳ «ነፍስ የአላህ አደራ ናት፤ ባለቤቱ ሳይጠይቅህ አትመልስ» ብለው የመከሩ ሰው ናቸው። ግን ሰው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከላይ ከአፋፉ የሚጣራ ድምፅ ይሆንበታል፤ ይሰማል እንጂ እጅ የለውም።

የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚህ አገር ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም። ወደ ቅዱስ ስፍራ ዚያራ የሚወጣ፣ ሩቅ አገር የሚሻገር ሁሉ ከመነሣቱ በፊት በየደጃፉ እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ የበደልኋችሁን ይቅር በሉኝ ነው። ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ለምዶ ግሸን ሲወጣ «አውፍ በሉኝ» ይላል። የተጠየቀው ሰው «አውፍ ብለናል» ይልና ስንቅ ያቀብላል። መንገደኛን ባዶ እጁን የሸኘ ቤት ስሙ አይነሣም። አያ ሙዘይን ከሰው ሐቅ ነፃ ሆነው ሊሄዱ ፈለጉ፤ ያላቸውንም ዕቃ እግረ መንገዳቸውን ለሰው ሊያድሉ።

መጀመሪያ ሞፈርና ቀንበራቸውን ተሸክመው አሻግሬ ደጅ ደረሱ። አሻግሬ የአብደላ አብሮ አደግ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የዶማ እጀታ ይጠርብ ነበር።

«ምነው አያ፣ በሬ ቢያጡ ሞፈሩን ራሱን ሊነዱት ነው?»

«ላንተ ነው፤ ያዘው» አሉ አያ ሙዘይን።

«እርስዎስ በምን ሊያርሱ ነው? በምላስዎ?»

«ምላሴም ዶልዱሟል። አውፍ በለኝ አሻግሬ። የላይኛው ማሳ ጊዜ ለወንድምህ አድልቼብህ ይሆናል።»

«ያኔማ አድልተዋል፤ ግን በደርግ ተመለሰልኝ» አለ አሻግሬ እየሳቀ። ከዚያ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ፊቱ በራ። «ቆይ፣ አብደላ ጋ ሊሄዱ ነው?»

አያ ሙዘይን ዝም አሉ። ዝምታቸውን አሻግሬ በራሱ ቋንቋ ተረጎመው።

«ባንቺአየሁ፣ ነይ ስሚ። አያ ልጃቸው ጋ ሊሻገሩ ነው።»

ሚስቱ ባንቺአየሁ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጣች። «እሰይ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን እንዲያ ሲጠወልጉ እርጅና ነው ስል፤ ለካ ናፍቆት ኖሯል።»

«አውፍ በይኝ ልጄ።»

«አውፍ ብያለሁ አያ፤ ምን በድለውኝ። አብደላን ሲያገኙት ባንቺአየሁ ያን የተዋስከውን ገመድ አልረሳችውም ብላሃለች ይበሉልኝ።»

አያ ሙዘይን አንድ ጥያቄ ይጠብቁ ነበር፤ መጠበቃቸውን ግን እሳቸውም አላወቁትም። በየት በኩል ይሄዳሉ፣ ከማን ጋር ይሄዳሉ፣ መቼ ይመለሳሉ የሚል። ቢጠየቁ ምን ሊመልሱ? መልስ የላቸውም። ምናልባት መልስ ማጣታቸውን አንድ ሰው ያይላቸው ነበር። ባንቺአየሁ ግን ደስ ብሏታል፤ ደስ ያለው ሰው አይጠይቅም። አሻግሬ ጓዳ ገብቶ አንድ ስልቻ ሙሉ ቆሎ ይዞ ወጣ። ሙሉ ስልቻ፤ ሁለት ሰው ነው የጫናቸው።

ቀጥለው ፈዲላ ዘንድ ሄዱ። ፈዲላ ገበያ ላይ በርበሬ የምትቸረችር፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የሚያቃጥል ሴት ነች። ማጭዳቸውን ሰጧት፤ አውፍ በይኝ አሏት።

«አውፍ ብያለሁ። ሰፈራው ጣቢያ ሊሄዱ ነው ሲባል ሰማሁ ልበል?»

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ደርሷል። አያ ሙዘይን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም።

«እዚያ አገር አፈሩ ለም ነው አሉ። የተተከለ ሁሉ ይበቅላል ይባላል። ባልም የሚበቅልበት እንደሆነ አንድ ችግኝ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ውሃ እኔ አጠጣዋለሁ።»

ድሮ ቢሆን ለዚህ መልስ ነበራቸው። ፈዲላ መልሱን ጠበቀች፤ ሲቀርባት «እርጅና ነው» አለች በልቧ፤ ከዚያ አንድ ቁና በሶ ሰፍራ አሸከመቻቸው።

እንዲህ እያሉ ሐይቅን ቤት ለቤት ዞሩ። እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ አንድ ዕቃ ይሰጣሉ፣ «አውፍ ብለናል» ይሰማሉ፣ ስንቅ ይቀበላሉ። በሄዱ ቁጥር ንብረታቸው እየቀለለ ስንቃቸው እየከበደ መጣ። በዚያ የረሃብ ጅራት ይህ ሁሉ እህል ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ወሎ ሲሰጥ ከየት አይባልም።

መጨረሻ ላይ የራሳቸው ጎረቤት ተሾመች ቀረች። ጉልበቷን የሚያማት፣ ልጅ የሌላት ሴት ነች፤ አጥሯ ሥር ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አያ ሙዘይን እጃቸው ላይ የቀረው የወይራ ምርኩዛቸው ብቻ ነው። ያንን ዘረጉላት።

«ለጉልበትሽ ይሆንሻል እታለም።»

«እርስዎስ?»

«እኔን አያስፈልገኝም። አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ አያ» አለች ተሾመች፤ ምርኩዙን ተቀበለች። ሌላ ምንም አላለች። እሷ ድሮም ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት፤ ለታሪክ ብዙ አትሆንም፤ ለምስክርነት ግን ከእሷ የሚሻል የለም።

አያ ሙዘይን ቤታቸው ገብተው በሩን መለስ አደረጉት። ቤቱ ባዶ ነው። መደቡ፣ ሰጋጃው፣ የመሪማ ሙዳይ። ከዚህ ሌላ ስንቅ ብቻ ነው ያለው፤ ስንቁ ግን የቤቱን ግማሽ ይዟል። ቆሎው በስልቻ፣ በሶው በቁና፣ ጭብጦው በጨርቅ፣ ዳቦው ተደራርቦ እስከ ማገሩ ደርሷል። ክርስቲያኑም እስላሙም ሥጋ የሌለበትን መርጦ ነው የሰጠው። አያ ሙዘይን አዩት፤ ተቀመጡ፤ እንደገና አዩት። ችግር መጣ።

ይህን ትተው እንዴት ይሂዱ? መሪማ የሞተችው «እህል» እያለች ነው፤ የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው። ከእሷ ወዲህ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ወድቃ ካዩ ጎንበስ ብለው ሳያነሡ አያልፉም። ይህ ሁሉ ቆሎ ሊነቅዝ፣ ይህ ሁሉ ዳቦ ሊሻግት ነው? ለባለቤቶቹ ቢመልሱት ደግሞ የተመረቀ ስንቅ መመለስ የሰጪውን ቤት ማርከስ ነው። ለተቸገረ ቢሰጡት፣ የተቸገረው ሰው ራሱ ነው ስንቁን የሰጣቸው። የስንቱን ሰው ድንበር ያካለሉ አያ ሙዘይን በሞትና በስንቅ መካከል ድንጋይ ማስቀመጫ ጠፋቸው። ሞት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስንቁ አላስወጣም አለ።

በነጋታው፣ የግሸን ንግሥ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ስንቁን ለመንገደኛ አድለው፣ እጃቸውን አራግፈው ሊመለሱና ሐሳባቸውን ሊፈጽሙ ተነሡ። ሦስት አህያ የማይሸከመውን ብቻቸውን ተሸከሙት። አስፋልቱን ይዘው ወደ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ወደ አምባሰል ተራራ። ግሸን የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል፤ ከአፋፍ ሲያዩት ነጠላው እንደ ጎርፍ አረፋ ነው። አያ ሙዘይን መንገድ ዳር ተቀምጠው ስልቻውን ፈቱ። አንዱን ጠርተው እፍኝ ሰጡት።

«ዕድሜ ይስጥልን አባቴ» አለ።

ለሌላዋ ሰጡ። «ዕድሜዎን ያርዝምልኝ» አለች።

አያ ሙዘይን ከነከናቸው። ዕድሜ ነው የተባሉት፤ ሊጨርሱት የመጡትን ዕቃ ነው ሰው ሁሉ የሚመርቅላቸው። እየፈጠኑ ሰጡ። በፈጠኑ ቁጥር ዕድሜው በላያቸው ላይ ይወርዳል። ሺህ ሰው አበሉ። አንዳንዱ ሁለት ሺህ ይላል፤ ሁለት ሺህ ግን የበዛ ነው፤ አንድ ሺህ ከዘጠኝ መቶ ይሆናል። ስልቻው ግን ጎደለ አልል አለ። አንዲት አሮጊት ከአጠገባቸው ተቀምጣ ቆሎዋን እየቆረጠመች «የማን ነዎት?» አለቻቸው። አያ ሙዘይን መልስ ፈለጉ። የመሪማ ነኝ እንዳይሉ መሪማ የለችም። የአብደላ ነኝ እንዳይሉ አብደላ በሕይወት መኖሩን አያውቁም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ሺህ እጅ ወደ እሳቸው ተዘርግቶ፣ የማን እንደሆኑ ጠፋቸው። ያች ደቂቃ ከሰባ ሰባት ሁሉ ትከፋ ነበር።

«የሐይቅ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። ከተራራው ላይ ትንንሽ ድንጋይ ተንከባለለ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ለመናገርም የሚያስደስት ነው። ግሸን ግርጌ ድረስ ወጡ፤ መስቀል የመሰለውን አምባ ከሥሩ ቆመው አዩ፤ ስልቻው አሁንም ሙሉ ነው። «እንግዲያው ተሸነፍኩ» አሉና ወረዱ። ሐይቅ ሲደርሱ ከተማው በከበሮ ወጣ፤ አንዱ ወገን መንዙማ፣ ሌላው እልልታ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ እግራቸው ላይ ወድቆ «አያ፣ ያለ እርስዎ ድንበራችን አልጠና አለ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ አያ ሙዘይን ብቻቸውን የዋሉበት ቀን የለም። ቤታቸው እንደ ሰኞ ገበያ ነበር። ደርግ እስኪወድቅ በሕይወት ኖሩ፤ ኖረውም ሰው እየሳቀ ከደጃቸው ሲገባና ሲወጣ አዩ። አንድ አገር ሙሉ አንድ ሽማግሌን ከሞት አፍ አውጥቶ መልሶ አመጣ። ይህ ነው የሐይቅ ሰው። ያላመነ እትዬ ተሾመችን ይጠይቅ።

ይህ እስከዚህ ድረስ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ምስክር ቃሉ ካልተሰማ ምስክር አይባልምና፣ እትዬ ተሾመች ዘንድ ተወስዶ ተነበበላት። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሰማች። አርጅታለች። የወይራ ምርኩዝ ጭኗ ላይ አጋድማ ይዛለች። ፈዲላ የባል ችግኝ ያዘዘችበት ላይ ሳቀች። ንባቡ አለቀ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ሐይቁን ግን ባይማልበት ይሻል ነበር።»

«ምነው እትዬ?» አላት ያነበበላት ሰው።

«ግሸን አልሄዱም።»

«እሺ፣ ውጫሌ ድረስስ?»

«ከደጃፋቸው አልራቁም።»

«ታዲያ ስንቁን ምን አደረጉት?»

«የምን ስንቅ? የሰባ ስምንት መስከረም እኮ ነው፤ ማን ምን ነበረው? አሻግሬ አንድ እፍኝ የእርዳታ ስንዴ ቆሎ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠረላቸው። ሌላው አውፍ ብለናል አለና ወደ ሥራው ዞረ። ሦስት አራት ቤት ነው የዞሩት፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበራቸውም። እኔም አውፍ ብያለሁ ብዬ ጎመኔን መቀንጠስ ቀጠልኩ።»

ምርኩዙን በመዳፏ ዳበሰችው።

«መንገደኛ ምርኩዙን አይሰጥም። ይህን ለማሰብ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ሳስበው ጎመኑን ጣልኩና ሄድኩ፤ ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ በዚህችው ምርኩዝ ነው የሄድኩት። መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። አያ፣ ራስዎን ሊያጠፉ ነው? አልኳቸው።»

«እንደዚሁ ፊት ለፊት?»

«ሌላ ምን እላለሁ?»

«ምን አሉ?»

«አዎ አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ እስኪጠየቁ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል። ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ስለ መሪማ አወሩ፤ ስለ አብደላ እጅ አወሩ። ድምፃቸው ዝጎ ስለነበር ግማሹ አልተሰማኝም፤ ዝም ብዬ ሰማሁ። ስንጨርስ ራበን። ቋጠሯቸውን ፈታሁና ያችን ቆሎ አንድ አንድ ፍሬ እያነሣን በላናት።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ማን ይኑር? ከበሮም አልተመታ። እሳቸው ደርግ እስኪወድቅ ኖሩ የተባለው፣ እሱስ እውነት ነው። ቤታቸው ግን ገበያ አልነበረም። እኔና እሳቸው ነበርን፤ ቀኑ ሲከፋባቸው ደግሞ እኔና ዝምታቸው።»

«ያን ዕለት ማታስ? ትተሻቸው ስትወጪ አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ። አሻግሬን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት፤ እሱ ከእሳቸው ጋር አደረ። ከመውጣቴ በፊት ግን፣ አያ፣ ምርኩዝዎን አልመልስልዎትም፤ ነገ የምመጣበት ነው አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አለች እትዬ ተሾመች፣ «በማግስቱ ሄድኩ።»